በብርድ ስትሮጥ ደረትህ የሚያፍንህ ከሆነ

ታኅሣሥ ላይ እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሮጠህ ታውቃለህ? ሣሩን ውርጭ አንጥቶት፣ ትንፋሽህ እንደ ጭስ እየወጣ። ሩጫው ላይ ደህና ነህ፤ ካቆምክ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ግን ሳሉ ይጀምርሃል፣ ደረትህ ጭምድድ ይላል፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማሃል። ብዙዎች «ብርድ መታኝ» ብለው ያልፉታል። አስም ሊሆን ይችላል እኮ።

ስትሮጥ በአፍህ ብዙ አየር ትስባለህ። የደጋ ጠዋት አየር ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦህን እርጥበት ይመጠዋል፣ ቱቦውም ይቆጣና ይጠባል።

ስለዚህ አፍና አፍንጫህን በስካርፍ ሸፍን። የነጠላ ቁራጭም ይሆናል፣ የሚስቅ ይሳቅ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነትህን አሟሙቅ፣ መሃሉ ላይ አጫጭር ፈጣን ሩጫ ጣል አድርግበት። ከባዱን ልምምድ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ አድርገው። ኩበት ከሚጨስበትና እብቅ ከሚበንበት አውድማ ራቅ።

ሐኪም ጋ ሂድ፤ ትንፋሽህን በመሣሪያ ይለካልሃል። የጓደኛህን ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ተውሰህ አትሞክር! ሳልቡታሞል የሚባለው ቱቦውን የሚከፍት ፓፍ ከታዘዘልህ ብዙ ጊዜ ከሩጫው 15 ደቂቃ ገደማ በፊት ነው የሚሳበው። በየቀኑ ካላገኘሁት የምትል ከሆነ ግን ተመልሰህ ለሐኪሙ ንገረው፣ ሌላ መድኃኒት ያስፈልግህ ይሆናል። ተወዳዳሪ ከሆንክ ደግሞ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1600፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ600 ማይክሮግራም በላይ ሳልቡታሞል እንድትስብ አይፈቅድልህም።

አንድ ዓረፍተ ነገር አውርተህ መጨረስ ካቃተህ ወይም ከንፈርህ ከጠቆረ፣ ወዲያው ሆስፒታል።