ቸርኬው ቆንጆ ነው፤ ፍሬኑስ?

ድሬ የመኪና መወዳደሪያ ትራክ የላትም። ዲኤክሱን ለትራክ የሚያዘጋጅ ልጅ ግን አጥታ አታውቅም። የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ቀላል ነው፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ ዕቃው አይጠፋም። ብትወዱት አልፈርድባችሁም፤ እኔም እጄን ያፍታታሁት በሱ ነው። የሚያናድደኝ የምትጀምሩበት ቦታ ነው።

አቦ፣ የፍሬን ዘይት! ስንቴ ልናገር? አንዱ ልጅ በቅርቡ አራት አዲስ ቸርኬ አስገጥሞ መጣ። የፍሬን ዘይቱን ክዳን ስከፍት ቡና መስሏል። መቼ ቀየርከው ብለው፣ "እሱም ይቀየራል እንዴ?" አለኝ። ይቀየራል፣ ወንድሜ! የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ትራክ ላይ በየኩርባው ፍሬን እየረገጣችሁ እዚያ ሙቀት ለመድረስ ብዙ ዙር አይፈጅም። ዘይቱ ፈላ ማለት መስመሩ ውስጥ አረፋ ገባ ማለት ነው። ዘይት አይታመቅም፣ አረፋ ይታመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው መንገዱን ይቀጥላል።

ይሄን የተማርኩት ከሐረር ወደ ድሬ በሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ላይ ነው። አዲስ ያሰርኩትን ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ልሞክር ብዬ ከሐረር እየበረርኩ ስወርድ ነበር። (መንገድ ላይ መሞከሬ ራሱ ጅልነት ነው።) አንዱ ኩርባ ላይ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነ። ማርሽ ወደ ሁለት አውርጄ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ የቆምኩት ጠጠር ክምር ላይ ነው። ከኋላዬ የነበረ ሽማግሌ የፔጆ ሾፌር ወርዶ አየኝና "ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚያዘው" ብሎኝ ሄደ።

ሞላ መቁረጥ። እኔም ቆርጫለሁ። መኪናዋ ዝቅ ብላ አምሮባት ነበር፣ ለአንድ ሳምንት። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል፣ ይጠነክራልም። የሞላውን መንጠር የሚያበርደው አሞርዛተር ግን ለድሮው ቁመት የተሠራ ነው። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ይላቀቃል። ጉድጓድ ስትገቡ ደግሞ ብረት ከብረት ይጋጫል።

ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን) ማውለቅ ሰፈር ይረብሻል እንጂ ዲኤክስን አያፈጥንም።

"ድሬ ሙቀት ስለሆነ ቴርሞስታት አያስፈልግም" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት። ቴርሞስታት የሞተሩን ሙቀት በልኩ የሚይዘው ነው። ሞተር ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝም ይበላል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል። መኪናችሁ እየሞቀ ካስቸገረ ራዲያተሩ ተደፍኖ እንደሆነ፣ ቬንቲሌተሩ እንደሚሠራ፣ ክዳኑ ግፊት እንደሚይዝ እዩ። ንጹህ ውኃ ብቻም አትሙሉ። ኩላንት የውኃውን መፍያ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል።

ካርቡራቶር ድሬ ላይ አስተካክላችሁ ሐረር ስትወጡ "ሞተሩ ታፈነ" ትሉኛላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። እዚያ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በቀድሞው ልክ ይፈሳል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፍቱት፤ በጥላሸት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ካርቡራቶሩን የምትነዱበት ቦታ ላይ አስተካክሉት።

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2318 ካለ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ድንጋይ ይሆናል። ነፋሱን ደግሞ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ለኩ።

ያ ባለ ቸርኬው ልጅ ትናንት ተመልሶ መጣ። ደስ ብሎት ዶት 4 ይዟል። ጠርሙሱን አገላብጬ ሳየው ግማሽ ነው። ጓደኛው አምና ከፍቶ የተረፈውን ነው የሰጠው።