ከድሬዳዋ ግድግዳ የተያዘን ተርብ በስሙ መመዝገብ

በረንዳ ጣሪያ ሥር የጭቃ ቤት የሚሠራው ተርብ ለጀማሪ ይመቻል፤ ትልቅ ነው። በሞተበት ቀን ናሙናው የሚሰካበትን መርፌ ከደረቱ መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ይውጉት፤ መሃሉን ከወጉት መለያ ምልክቱ ይጠፋል። በድሬ ሙቀት ካደረ ደርቆ እግሩ ይረግፋል። ካልደረሱበት 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይክተቱት።

በማጉያ መነጽር የአንቴናውን ክፍሎች ይቁጠሩ፦ 12 ከሆነ ሴት፣ 13 ከሆነ ወንድ። ሲያርፍ የፊት ክንፉን በቁመቱ የሚያጥፍ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቬስፒዴ ከሚባለው የተርብ ቤተሰብ ነው። የማያጥፍና ወገቡ እንደ ክር ቀጥኖ የረዘመ ከሆነ ስፌሲዴ የሚባለውን ሌላ ቤተሰብ ይፈትሹ። ደረቱ ጥቁር፣ ወገቡ ቢጫ? ሴሊፍሮን ስፒሪፌክስ (Sceliphron spirifex) የተባለው ዝርያ ሊሆን ይችላል። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሲሰይመው ስፌክስ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ምድብ) ውስጥ ነበር ያስገባው፤ ጂነሱ ስለተቀየረ የሊኒየስ ስምና ዓመቱ በቅንፍ ይጻፋሉ። ቅንፉ ጌጥ አይደለም!

የባሰው ስህተት ግን መለያ ወረቀቱ ላይ ነው። «ድሬዳዋ» ብቻ አይበቃም፤ ከተማዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ሲደርሱ 1850 ይጠጋል። ሰፈሩን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የያዘውን ሰው ይጻፉ። ቀኑ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተለየ መዝገቡ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል።