ዝማኔ የተካተተበት የዊንዶውስ 11 መጫኛ አዘገጃጀት

በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ላሉ በርካታ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11 ሲጫን፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ጭነቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻው የሚያወርደው ዝማኔ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ዝማኔውን አንድ ጊዜ አውርዶ በመጫኛው ውስጥ ማካተት ግን ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዲዝም የተባለው መሣሪያም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል።

መነሻው ንጹሕ ቅጂ መሆን አለበት። መላውን መጫኛ በአንድነት የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያውርዱ፤ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ያገኙት ከሆነ የኤስኤችኤ 256 ማረጋገጫ ቁጥሩን ማይክሮሶፍት ካወጣው ጋር ሳያመሳክሩ አይጠቀሙበት፤ ሌላ ሰው በነካካው መጫኛ ውስጥ ምን እንደገባ ማወቅ አይቻልምና።

አይኤስኦው ራሱ ስለማይጻፍበት፣ ይዘቱን በሙሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ባለውና ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ የተለመደ የፋይል አደረጃጀት በተሰናዳ ዲስክ ላይ ወዳለ ፎልደር ይገልብጡ። ዋናው ሥራ የሚሠራው ሶርስስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ባለው፣ የሚጫነውን ዊንዶውስ ምስል በያዘው ኢንስቶል ዊም ፋይል ላይ ነው። ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል በተባለው የማይክሮሶፍት መጫኛ ማዘጋጃ የተሠራ መጫኛ በዊም ፈንታ ይበልጥ የተጨመቀ የኢኤስዲ ፋይል ስለሚይዝ፣ አስቀድሞ በዲዝም የኤክስፖርት ትእዛዝ ወደ ዊም መቀየር ይኖርበታል። አንዱ ፋይል ሆም፣ ፕሮ፣ ኤዱኬሽንና ሌሎችንም እትሞች በተራ ቁጥር ይይዛል፤ እያንዳንዱ እትም ለብቻው መዘመን ስላለበት፣ የሚፈልጉትን ብቻ ወደ አዲስ ፋይል አውጥተው የቀረውን ቢተዉት ብዙ ሰዓት ያተርፋሉ።

ቀጥሎ ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የወሩን ጥቅል ዝማኔ ያውርዱ። የዊንዶውሱ ሥሪትና የፕሮሰሰሩ ዓይነት በትክክል መግጠም አለባቸው። 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 ሥሪት ጀምሮ አንዳንዱ ጥቅል ቼክፖይንት በተባለ ቀደም ያለ ዝማኔ ላይ ስለሚመሠረት ካታሎጉ ከአንድ በላይ ፋይል ሊሰጥዎ ይችላል፤ ሁሉንም ሌላ ነገር በሌለበት አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገው ለዲዝም የመጨረሻውን ፋይል ብቻ ያመልክቱት፤ የሚያስፈልገውን ራሱ ፈልጎ ያስገባል።

አሁን ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው፣ በዊሙ ውስጥ ያለውን ምስል በዲዝም የማውንት ትእዛዝ ባዶ ፎልደር ላይ ይክፈቱና ዝማኔውን በአድ ፓኬጅ ያስገቡ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ከጥቅል ዝማኔው በኋላ የተተኩ አሮጌ ፋይሎችን የማጽዳት ትእዛዝ ይሰጣል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች እንዲሠሩ የሚፈልጉትን ዶትኔት 3.5 ማካተት ከፈለጉ የሚጨምሩት ከዚህ ጽዳት በኋላ ነው። ዶትኔት 3.5 ቀድሞ ከገባ፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ የሚጠብቅ ሥራ በምስሉ ውስጥ ስለሚተው ጽዳቱ ስሕተት ሰጥቶ ይቆማል። የዶትኔት ዝማኔ የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል።

ምስሉን ከመዝጋትዎ በፊት ፎልደሩን የሚያሳዩ መስኮቶችን ሁሉ ይዝጉ፤ ከዚያም ለውጡ እንዲቀመጥ ኮሚት ብለው ይዝጉት። ዲስካርድ ካሉ ግን የሠሩት ሁሉ ይጠፋል። የተዘጋውን ፋይል እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ መጠኑን ስለሚቀንስ ባይዘለል ይመረጣል። የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠሩትን ድራይቨሮችንም ምስሉ ከመዘጋቱ በፊት በዚሁ መንገድ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን መጫኛው ለልዩ ልዩ ኮምፒውተሮች የሚያገለግል ከሆነ የኔትወርክና የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨሮች ይበቃሉ።

የተዘጋጀው መጫኛ ከ4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ ስለሚበልጥ ፍላሽ መጠቀም ይሻላል። ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ዩኢኤፍአይ ፍላሹን እንዲያነብ የሚመረጠው ፋት 32 የተባለው የፋይል አደረጃጀት ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል፣ ዊሙን በዲዝም የስፕሊት ትእዛዝ እያንዳንዳቸው ከ3800 ሜጋባይት ወደማይበልጡ የኤስደብሊውኤም ክፍሎች ከፋፍለው በሶርስስ ውስጥ በዊሙ ቦታ ያስቀምጡ።

ፍላሹን ለሥራ ከማውጣትዎ በፊት በዲዝም የምስሉን መረጃ አስነብበው የዊንዶውሱን ትክክለኛ ሥሪት የሚያሳየውን የቢልድ ቁጥር በዝማኔው ገጽ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያም በአንድ ትርፍ ኮምፒውተር ላይ እስከ መጨረሻው ይጫኑት።