በጥቅምት ብርድ የሚያንቀጠቅጥ መጽሐፍ፦ ላይብረሪ ለያዛችሁ ሁሉ

ሃሎዊን የሚባለውን የፈረንጆች የጭንብል በዓል ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ቲክቶክ ላይ አይተውታል። ዱባ ተፈልፍሎ፣ ዓይንና ጥርስ ወጥቶለት፣ ውስጡ ሻማ ሲበራ። በፈረንጅ ኦክቶበር 31 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። በዚያ ሰሞን አሜሪካ ያሉ ላይብረሪዎች አስፈሪ መጻሕፍትን ከመደርደሪያ አውርደው መግቢያው ላይ ይደረድራሉ፣ ታዳጊዎቹም ይሻሙባቸዋል። ይሄ ነገር ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ላይ ይሠራል ወይ ካላችሁኝ፣ ይሠራል። ግን በዓሉን እዚያው ትታችሁ መጻሕፍቱን ብቻ አምጡ።

ለምን ቢባል፣ ጥቅምት 21 ማርያም ናት። በማርያም ዕለት የሰይጣን ጭንብል አጥልቃችሁ ልጅ ብትሰበስቡ ወላጅ ምን እንደሚላችሁ አታጡትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከወላጅ ጋር ነኝ። በዓሉ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች ከድሮ የመኸር ማብቂያ በዓላቸው ይዘውት የመጡት ነው፣ ወደ አሜሪካም የወሰዱት ስደተኞቹ ናቸው፤ እኛ ጋ ሥር የለውም። ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ መጠየቁም ቢሆን ለእኛ ልጆች ብርቅ አይደለም፣ ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል የሚሰበስቡ ናቸው፣ ያውም ከነግጥሙ። ስለዚህ ስሙን «የአስፈሪ መጻሕፍት ሳምንት» በሉትና ሰኞ ጀምሩ። ጊዜው ግን በእውነት ምቹ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቋል፣ ፈተና ገና ነው፣ የጥቅምት ብርድ ደግሞ ልጁን በጊዜ ወደ ቤት ያስገባዋል።

«ምን ትፈራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ

ላይብረሪ ውስጥ የተለመደው ጥያቄ «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» የሚል ነው። አንብቦ የማያውቅ ልጅ ለዚህ መልስ የለውም። «ማንኛውንም» ይላችኋል፣ እናንተም እጃችሁ የገባውን ትሰጡታላችሁ፣ እሱም ሦስተኛው ገጽ ላይ ይጥለዋል። ይልቅ «ማታ ብቻህን ስትሄድ ምን ትፈራለህ?» በሉት። ያኔ ወሬው ይፈታል። አንዱ ጅብ ይላል። አንዷ የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ መቃብር ትላለች። ሌላው «እኔ የምፈራው ሰው ነው» ይላችኋል፤ ይሄኛው ብልህ ነው። ዝም የሚልም አለ፣ እሱን አትጎትጉቱት።

መልሱ ራሱ መጽሐፉን ይመርጥላችኋል። ሰው ለሚፈራ ልጅ ወንጀልና ምርመራ ይሰጠው። መቃብር ለምትፈራዋ የሙት ታሪክ አለ። አውሬ ለሚፈራው ደግሞ ጭራቅ ሞልቷል። ሁሉንም አንድ ላይ «አስፈሪ» ብላችሁ ብትደረድሩ፣ ሙት የምትፈራዋ ልጅ የፖሊስ ታሪክ ወስዳ «ምኑ ነው የሚያስፈራው?» ብላ ትመልስላችኋለች።

ከአጭሩ መጀመር

ወፍራም መጽሐፍ መጀመሪያ ማሳየት ልጅ ማባረር ነው። አጭር ልብወለድ ይቅደም። እኔ የማስቀድመው የእንግሊዛዊውን የደብሊው ደብሊው ጄኮብስን «ዘ መንኪስ ፖው» ነው፣ የጦጣዋ መዳፍ ማለት ነው። በ1902 የታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነገር ነው። ከህንድ የተመለሰ ወታደር የደረቀ የጦጣ መዳፍ ይዞ ወደ አንድ ቤተሰብ ይመጣል። መዳፉ ሦስት ምኞት ይፈጽማል። አባት የቤቱን ዕዳ ለመዝጋት ሁለት መቶ ፓውንድ ይመኛል። ገንዘቡ በማግሥቱ ይመጣል፤ ልጃቸው ፋብሪካ ውስጥ ማሽን በልቶት ሞቶ፣ ድርጅቱ የሰጣቸው ካሳ ሆኖ። እናትየው ታዲያ ሁለተኛውን ምኞት በምን እንደምትጠቀምበት መገመት አያቅታችሁም። ከተቀበረ ከቀናት በኋላ፣ በሌሊት፣ በሩ ይንኳኳል።

ይሄን ታሪክ ለልጆች የምታቀርቡበት መንገድ ዋጋ አለው። እንግሊዝኛው ለ9ኛ ክፍል ልጅ ትንሽ ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ አንብቡት፣ ከዚያ በአማርኛ፣ በራሳችሁ አፍ፣ «ተረት ተረት» ብላችሁ «የላም በረት» አስብላችሁ ንገሯቸው። የበሩ መንኳኳት ላይ ስትደርሱ ጠረጴዛውን በእጃችሁ ኳ ኳ አድርጉና ዝም በሉ። ይለምኗችኋል። አትንገሯቸው። «መጨረሻው እዚህ አለ» ብላችሁ ፎቶ ኮፒውን አድሉ። መዝገበ ቃላት ፈልጉ ተብሎ ያልተነሳ ልጅ ያን ዕለት ሲያገላብጥ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው የአሜሪካዊው የኤድጋር አለን ፖ «ዘ ቴል ቴል ሃርት» ነው፣ የ1843 ጽሑፍ፣ ጥቂት ገጽ ብቻ። አንድ ሰው ሽማግሌ ገድሎ ወለሉ ሥር ይደብቃል፣ ከዚያ የሟቹ ልብ ሲመታ ይሰማኛል ይላል። ተራኪው «እብድ አይደለሁም» እያለ ነው የሚያወራው፣ ያ ነው የሚያስፈራው። ለሚኒ ሚዲያ የተሠራ ይመስላል። በረፍት ሰዓት አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ያንብበው፣ ሌላ ልጅ ከኋላው ከበሮ ቀስ አድርጎ ይምታ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ። ጮክ ብሎ ማንበብ ምን እንደሚያደርግ ለጎጃም ሰው መንገር አይገባም፤ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ የወደደው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች የአር ኤል ስታይን «ጉስባምፕስ» ይበቃል። ከ1992 ጀምሮ የወጣ ረጅም ተከታታይ ነው፣ ቋንቋው ቀላል፣ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ደም የሌለበት። ሥነ ጽሑፍ ነው ብዬ አልሟገትላችሁም። ግን ልጁ ይጨርሰዋል፣ በእንግሊዝኛ አንድ መጽሐፍ መጨረሱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት ካርቶን ካላችሁ ፈትሹ፣ ጥግ ላይ አንድ ሁለት አይጠፋም።

ወፍራሞቹን ለማን?

«ፍራንከንስታይን»ን ስትሰጡ ከመጽሐፉ በፊት የደራሲዋን ታሪክ ንገሩ። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ አመዱ ሰማይ ላይ ተበትኖ በማግሥቱ ዓመት አውሮፓ በጋ አልነበረውም። ዝናብና ብርድ ብቻ። ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ያሉ ጓደኛሞች ቤት ውስጥ ተዘጉ፣ ገጣሚው ባይረንም እያንዳንዳችን አንድ የሙት ታሪክ እንጻፍ አለ። ሜሪ ሼሊ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እኩያ ማለት ነው። የጻፈችው በ1818 ሲታተም ስሟ እንኳ አልወጣበትም። ይሄን የሰማች ልጅ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ነው የምታየው። እና አንድ ነገር፣ ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፣ የፈጠረው ሰውዬ ስም ነው፤ ጭራቁ ስም የለውም። ይሄን ለጥያቄና መልስ ውድድር አስቀምጡት።

ቋንቋው ከባድ ነው፣ አልደብቃችሁም። ኦክስፎርድ ቡክወርምስ የሚባሉት ለቋንቋ ተማሪ የቀለሉ ቀጫጭን መጻሕፍት ውስጥ «ፍራንከንስታይን»ም «ድራኩላ»ም የጦጣዋ መዳፍም አሉ። ካገኛችሁ ከእነሱ ጀምሩ፣ ማፈር አያስፈልግም።

የብራም ስቶከር «ድራኩላ»፣ የደም መጣጩ ጭራቅ ታሪክ፣ የ1897 ነው፣ ከዳር እስከ ዳር በደብዳቤ፣ በማስታወሻ ደብተርና በጋዜጣ ቁራጭ የተጻፈ። ለንባብ ክበብ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ ልጅ የጆናታንን ማስታወሻ፣ አንዷ የሚናን፣ ሌላው የዶክተሩን እየያዙ ተራ በተራ ማንበብ ይችላሉ። ሙሉውን ለአንድ ልጅ ከሰጣችሁት መሐሉ ላይ ይሰለቻል፣ እኔም መሐሉ ይረዝምብኛል።

ሰው ለሚፈራው ብልህ ልጅ የአርተር ኮናን ዶይል «ዘ ሃውንድ ኦፍ ዘ ባስከርቪልስ» አለለት፣ የ1902 መጽሐፍ። አንድ ባለ ርስት ሞቶ ይገኛል፣ አጠገቡ የግዙፍ ውሻ ዱካ አለ፣ አገሩ ሁሉ የዘር እርግማን ነው ይላል። መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ ግን እርግማኑን አያምንም። በሌሊት የጅብ ድምፅ እየሰማ ላደገ የጎጃም ልጅ ጭጋግና ሩቅ ጩኸት ያለበት መጽሐፍ ማብራሪያ አይፈልግም።

በአማርኛ

አማርኛ ላይ «አስፈሪ» ተብሎ የሚቀመጥ መጽሐፍ ብዙ የለንም፣ ልብ አንጠልጣይ ግን አለን። መጀመሪያ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»። ጣና ላይ ያሉ ገዳማት ውስጥ የሚያስገባ የምስጢር ታሪክ ነው፣ የባሕር ዳር ልጅ የሚያውቀው ውኃ ነው። ከእሱ ጋር ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እንደሚገኝ ጣል አድርጉላቸው። ልብወለዱ የት ቆሞ እውነቱ የት እንደሚጀምር መከራከር ይወዳሉ። ከዚያ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»፣ እሱም የገዳምና የምስጢር ጉዞ ነው፣ ሃይማኖተኛ ወላጅም አይቆጣበትም። እየሳቁ መፍራት ለሚፈልጉ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሞትና አጋፋሪ እንደሻው» አለ። እሱን ግን ያን ታሪክ ብቻ ለይታችሁ ስጡ። የስብሐት ሌሎች መጻሕፍት ለአዋቂ ናቸው፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጠራት ካላማራችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ያልታተመው ነው። አያ ጅቦ፣ ጭራቁ፣ በቀትር ወንዝ ዳር የሚወጣው ጋኔን፣ ማታ ለምን እንደማይፏጭ፣ ይሄን ሁሉ አያቶች ያውቁታል። እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ አንድ ታሪክ ሰምቶ፣ በአያቱ ቃል፣ የሰፈሩን አነጋገር ሳያስተካክል ጽፎ ያምጣ። ሰብስባችሁ በፕላስቲክ ማኅደር ጠርዟቸውና ቁጥር ሰጥታችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ያ ማኅደር ከድራኩላ ይበልጥ ይዋሳል፣ ተወራረዱኝ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። የቡዳ ታሪክ ሲመጣላችሁ ስም ያለበትን፣ ሰፈር የሚጠቁመውን፣ «እነ እገሌ ናቸው» የሚለውን አውጡት። ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ የኖሩት ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም ናቸው፣ ልጆቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ እንዲዝናና ሌላው አንገቱን የሚደፋበት ታሪክ ላይብረሪ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌላው ደግሞ፣ የእኛ ልጆች በዚህ ሰሞን እውነተኛ የተኩስ ድምፅ የሰሙ ናቸው። ስለዚህ ጦርነት፣ እገታና የጅምላ ግድያ ያለበትን መጽሐፍ ለዚህ ሳምንት አታውጡ። ሙትና ጭራቅ ይበቃሉ። ጭራቅ ጥሩነቱ መጽሐፉ ሲዘጋ አብሮ መዘጋቱ ነው። ፕሮግራሙንም ማታ አታድርጉት። መስኮቱ ላይ መጋረጃ ጣል ከተደረገ ቀን 9 ሰዓትም ይጨልማል፣ ልጆቹም በጊዜ ቤታቸው ይገባሉ። መብራት ቢጠፋ ጭራሽ ጥሩ።

መጽሐፉ ከየት ይመጣል?

ከላይ የጠራኋቸው የድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የባለቤትነት ዘመናቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ጉስባምፕስና የቀለሉት ቅጂዎች ብቻ አይገቡበትም። ኔትወርክ ባለ ቀን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ለልጆቹ በብሉቱዝ ማስተላለፍ ትችላላችሁ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፋይሉ ቀላል ስለሆነ ለደከመ ስልክም አይከብድም። አማርኛዎቹን ግን በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ አትበትኑ። የደራሲዎቹ እንጀራ ከመጽሐፉ ሽያጭ ነው። አንድ ቅጂ ግዙና በተራ ይነበብ።

አንድ ቅጂ ብቻ ካላችሁ ውሰቱን ለሦስት ቀን አድርጉት እንጂ ቁምሳጥን ውስጥ አትቆልፉት። መጽሐፍ ይጠፋል ብሎ መቆለፍ በየትምህርት ቤቱ ያለ በሽታ ነው፣ የተቆለፈው ደግሞ ከጠፋው በምን እንደሚሻል አይገባኝም። በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉና የመለሰው ሁሉ ስሙን ሳይሆን የደነገጠበትን ገጽ ቁጥር ይጻፍበት። ቀጣዩ ተዋሽ መጀመሪያ የሚከፍተው ያንን ገጽ ነው። ይክፈት። ምኑም አይገባውም፣ ወደ ገጽ አንድ ይመለሳል።