ስፖርትና ኤፒ አብረው ሲሄዱ፦ ኮሌጅ ለሚያስብ ልጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ውጤቱ ዝቅ ሲል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኳሱን ወይም ሩጫውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስህተቱ የተሠራው ከወራት በፊት፣ ክላስ፣ በተለይም ኤፒ የሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ያላቸው ክላሶች ሲመረጡ ነው።

የስፖርቱን ወቅት ሳያዩ ኤፒ መምረጥ

የሚቀጥለው ዓመት ክላስ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚመረጠው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። የዚያን ጊዜ ፎርሙ አጠገብ የስፖርቱን ፕሮግራም ይዘርጉት። አገር አቋራጭ የሚሮጥ ልጅ ኦገስት ላይ ጀምሮ ኖቬምበር ላይ ይጨርሳል። ትንሽ ቆይቶ የቤት ውስጥ ትራክ ይመጣል፣ ማርች ላይ ደግሞ የሜዳው ትራክ። ሦስቱንም ለሚሮጥ ልጅ ዓመቱ ሙሉ ውድድር ነው ማለት ይቻላል። ኤፒ ካልኩለስ፣ ኤፒ ኬሚስትሪና ኤፒ ዩኤስ ሂስትሪን 11ኛ ክፍል ላይ አንድ ላይ መጫን፣ የኮሌጅ መግቢያው ፈተና ኤስኤቲም ሲታከልበት፣ አያዛልቅም። ካልኩለሱን ወይም ኬሚስትሪውን ወደ 12ኛ ያሸጋግሩት። በፎል ብቻ ኳስ የሚጫወት ልጅ ግን ጸደዩ ነፃ ስለሆነ ሦስቱንም ሊችል ይችላል።

የኤፒ ፈተና የሚሰጠው ሜይ መጀመሪያ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የትራክ ትልልቅ ውድድሮች የሚደረጉትም በዚያው ወር ነው። ፈተናና ውድድር አንድ ቀን ላይ ከዋሉ ሌት ቴስቲንግ የሚባል ሌላ ቀን አለ። ይህን የሚያመቻቸው የትምህርት ቤቱ የኤፒ ኮኦርዲኔተር እንጂ አሰልጣኙ አይደለም። የውድድሩ ቀን እንደታወቀ ሄዶ መጠየቅ የልጁ ፋንታ ነው።

ሰዓቱን በሳምንት ብቻ መቁጠር

በሳምንት ሲደመር ሁልጊዜ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ትርፉ ሰዓት ግን ያለው ቅዳሜና እሁድ ላይ ነው። አንድ የሥራ ቀን ብቻ ይውሰዱ፦ ትምህርት ቤት 7 ሰዓት፣ ልምምድና ሻወር 2 ሰዓት ተኩል፣ መንገድና ምግብ 3 ሰዓት፣ እንቅልፍ 8 ሰዓት። ድምሩ 20 ሰዓት ተኩል ነው። ለሁሉም የቤት ሥራ የሚተርፈው 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከሜዳ ውጭ ጨዋታ ባለበት ቀን፣ አውቶቡሱ ዘግይቶ ሲመለስ፣ ወደ 1 ሰዓት ይወርዳል። ልጆች ጉድለቱን የሚሞሉት ከእንቅልፍ ቆርሰው ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ግን ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመክራል።

መፍትሔው ረጅሙን ንባብ እሁድ ላይ መጨረስ፣ ጨዋታ ላለበት ቀን አጫጭር ሥራ ብቻ መተው ነው። መምህሩን ደግሞ ከጨዋታው በፊት ማናገር ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት ሰበብ ይመስላል።

ትራንስክሪፕት ላይ ያለ ሁሉ ለኤንሲኤኤ ይቆጠራል ብሎ ማመን

ትልቁና ዘግይቶ የሚታወቀው ስህተት ይህ ነው። ትራንስክሪፕት የልጁ የውጤት መዝገብ ነው፤ ኤንሲኤኤ ደግሞ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውና ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን የሚከፍለው ማኅበር ነው። ዲቪዥን አንድ ላይ ለመወዳደር 16 ኮር ኮርስ (ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸው ዋና ዋና የትምህርት ክላሶች) እና በእነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ያስፈልጋል። ዲቪዥን ሁለትም 16 ይጠይቃል፣ ጂፒኤው 2.2 ነው። ዲቪዥን አንድ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር እንዲያልቁ ይፈልጋል፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። የእነዚህ 10 ኮርሶች ውጤት ከዚያ በኋላ ይቆለፋል፤ ድጋሚ ወስዶ ማሻሻል አይቻልም። ስፖርትና ጤና ክላስ አይቆጠሩም፤ የወደቁበትን ለማካካስ በኦንላይን ከተወሰዱ ኮርሶችም ተቀባይነት ያላቸው ሁሉም አይደሉም። የትምህርት ቤቱ የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር ኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ ስላለ፣ ልጅዎ 9ኛ ክፍል እያለ ከካውንስለሩ ጋር ይመልከቱት።

9ኛ ወይም 10ኛ ክፍልን ኢትዮጵያ ተምሮ የመጣ ልጅ የዚያ ዓመት ሰርተፊኬትም ይጠየቃል፤ በአማርኛ ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ይያያዝበታል። ከአገር ቤት ወረቀት ማስመጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስኮላርሺፕ ይሸፍነዋል ብሎ ክላስ ማቅለል

አይቪ ሊግ (ሃርቫርድን የመሰሉ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች) እና ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ዲቪዥን አንድም ቢሆን ለዓመታት ለወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ በአንድ ላይ ለአንድ ኮሌጅ የፈቀደው 12.6 ስኮላርሺፕ ነበር፤ አሰልጣኙ ይህን ለቡድኑ ይሸነሽነው ነበር። ሙሉ ያገኘ ጥቂት ነው። ትምህርቱ ጥብቅ በሆነባቸው ኮሌጆች ብዙ አሰልጣኞች ከ11ኛ ክፍል በኋላ ባለው በጋ ትራንስክሪፕቱን ለቅበላ ክፍሉ ያስነብባሉ። አብሮ የሚነበበው የ12ኛ ክፍል የክላስ ዝርዝር ነው። ያን ዝርዝር ማቅለል የአሰልጣኙንም እጅ ያስራል።

ኤፒ ከሆነ ሲ (C) ውጤትም ይበቃል ማለት

አይበቃም። በብዙ ትምህርት ቤቶች ኤፒ ጂፒኤው ላይ አንድ ነጥብ ቢጨምርም፣ ውጤቱን በራሳቸው ቀመር የሚያሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታየው ሲው ራሱ ነው።

ማመልከቻውን ለውድድር ወቅት መተው

የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ በብዙ ኮሌጆች የሚዘጋው ኖቬምበር 1 ነው፤ የኳስና የአገር አቋራጭ ማጠቃለያ ውድድሮችም የሚደረጉት በዚያው ሰሞን ነው። ድርሰቱ በጁላይ ይጻፍ፤ የምክር ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራንም 11ኛ ክፍል ሳያልቅ ይጠየቁ። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ኮመን አፕ ለአንድ ከክላስ ውጭ ተግባር መግለጫ የሚሰጠው ቦታ 150 ፊደል ብቻ ነው። «የቡድኑ አባል» ብሎ ማባከን ያሳዝናል። የሮጠበትን ርቀት፣ ሰዓቱንና ስንት ዓመት እንደቆየበት ይጻፍ።