ለእባብ ቤት ቴርሞስታት ሲገጠም የሚሠሩ ስህተቶች

ልጅ «እባብ ግዙልኝ» ሲል ቀድሞ አማትቦ፣ ከዚያ ተቆጥቶ፣ በመጨረሻ ግን የተሸነፈ ወላጅ በአሜሪካም በአውሮፓም ከሚኖሩ ሐበሾች መካከል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ቦል ፓይተን የሚባለው ነው፤ ጋናን፣ ቶጎንና ቤኒንን በመሳሰሉ አገሮች የሚገኝ፣ መርዝ የሌለው፣ ሲፈራ ተጠቅልሎ ኳስ የሚሆን ትንሽ ዘንዶ። ጠባዩ ገር ነው፤ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። እባብ እንደ ሰው የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ የዋጠውን አይጥ የሚፈጨው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው። ሲበርደው ምግቡን ይተፋል፣ ሳንባው ይታመማል፤ ሲበዛበት ይቃጠላል። በሳጥኑ አንድ ጫፍ የሚተኛበት ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በአሜሪካኖቹ ፋራናይት ከ88 እስከ 91 ገደማ)፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሊሆንለት ይገባል። ይህን የሚጠብቅለት ማሞቂያውን እያበራና እያጠፋ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ቴርሞስታት ነው፤ ቴርሞስታቱን ከንቱ የሚያደርገው ግን አብዛኛውን ጊዜ አገጣጠሙ ነው።

ማሞቂያውን በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት

ሳጥኑን፣ ንጣፉን፣ አምፖሉንና የማሞቂያ ምንጣፉን በአንድ ካርቶን አሽገው ቴርሞስታቱን የሚያስቀሩ ሻጮች አሉ። ገዢውም «ምንጣፉ ዋቱ ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይሰካዋል። ዋቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላዩ መስታወትና ወፍራም ንጣፍ ሲጫነው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፣ ከ45 ዲግሪም ሊያልፍ ይችላል። እባብ ደግሞ ከሆዱ ሥር ካለ ሙቀት ቶሎ አይሸሽም፤ እየተቃጠለም እዚያው ሊተኛ ይችላል። ባለቤቱ የሚያውቀው የሆዱ ቅርፊት ቀልቶ ወይም ውሃ ቋጥሮ ሲያገኘው ነው። ውስጡ ማሞቂያ የተቀበረበት ሰው ሠራሽ ድንጋይም የሚሸጥ አለ፤ እሱን በቴርሞስታትም ቢሆን አይግዙት።

ሴንሰሩን ያለቦታው ማኖር

ከሁሉም የበዛውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ቴርሞስታት የሚያውቀው ሴንሰሩ ያረፈበትን አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ከሽቦው ጫፍ ያለችው ያቺ ትንሽ ብረት ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ መሣሪያውን 32 ላይ ቢሞሉት፣ ቀዝቃዛው ጥግ 32 እስኪደርስ ድረስ ማሞቂያውን አያጠፋውም። እስከዚያ ሞቃቱ ወለል እንጀራ ይጋግራል።

ማሞቂያው ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ ከሆነ ሴንሰሩ የሚቀመጠው በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል ነው። ከውጭ ስለሆነ እባቡ አይጎትተውም፣ አይሸናበትም። መስታወቱ ከላይ በኩል ትንሽ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ወለሉ ላይ 32 ለማግኘት መሣሪያውን 34 ወይም 35 ላይ መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል። ልዩነቱ እንደ መስታወቱ ውፍረትና እንደ ክፍሉ ብርድ ስለሚለያይ ተለክቶ እንጂ ተገምቶ አይሞላም። ሲለካም ንጣፉን ገፋ አድርጎ መስታወቱን ራሱን ነው፤ እባቡ ሥር ሥሩን ገብቶ መጨረሻ የሚተኛው እዚያ ላይ ነውና።

ሙቀቱ ከላይ የሚመጣ ከሆነ ሴንሰሩ በሞቃቱ ጫፍ፣ እባቡ ጀርባውን ከሚያሞቅበት ከፍታ ጋር ተስተካክሎ ይታሰራል። ከውሃው ሳህን ሥር እንዳይገባና እንዳይረጥብ መጠንቀቅ ነው፤ የረጠበ ሴንሰር «ብርድ ነው» እያለ ማሞቂያውን ያስቀጥላል። ሽቦው ዳር ዳሩን በመያዣ መጠበቅ አለበት፤ ጉልበተኛ እንስሳ ነው፣ ያገኘውን ይገፋል።

አደገኛው ጊዜ ሳጥኑ የሚጸዳበት ነው። ሴንሰሩ ወጥቶ ሶፋው ላይ ጣል ይደረጋል፣ ሥራው ያልቃል፣ ክዳኑ ይዘጋል፤ ሴንሰሩ ግን እዚያው ሶፋ ላይ ነው። 20 ዲግሪ በሆነ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሴንሰር 32ን መቼም አያይምና ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ያድራል። ስለዚህ ጽዳቱ የሚጀምረው ማሞቂያውን ከሶኬት በመንቀል ነው፤ ተመልሶ የሚሰካውም ሴንሰሩ ቦታው መግባቱ በዓይን ከታየ በኋላ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ስኮች መለጠፍ

ሽቦውን ከግድግዳው ጋር በስኮች መያዝ ቀላል ይመስላል። ሙቀትና እርጥበት ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል፣ እባቡ ይተኛበታል፣ ስኮቹ ከቅርፊቱ ጋር ይያያዛል፤ ሲጎተት ቆዳ ይዞ ይነሣል። ከሳጥኑ ውጭ የፈለጉትን ይለጥፉ፣ ውስጥ ግን የፕላስቲክ መያዣ ወይም ማሰሪያ ብቻ ይጠቀሙ። ተለጥፎበት ከተገኘ አይጎትቱት፤ የምግብ ዘይት ቀብተው ቀስ እያሉ ያላቁት።

የመሣሪያውን ቁጥር ማመን

የቴርሞስታቱ መስኮት ላይ 32 ስለታየ እባቡ 32 ላይ ነው ማለት አይደለም። በተለይ በእጅ የሚዞሩት ርካሾቹ ቴርሞስታቶች ብዙ ይስታሉ። ራሱን የቻለ ዲጂታል ቴርሞሜትር በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጫፍ ማኖር፣ ወለሉን ደግሞ በጨረር በሚለካ ቴርሞሜትር መፈተሽ ያስፈልጋል። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረው ግን ለሰው ገላ የተስተካከለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የዕቃ ሙቀት የሚለካውን ዓይነት ይግዙ። መስታወቱ ላይ የሚለጠፉት ባለቀለም ቴርሞሜትሮች የሚነግሩት የመስታወቱን ግድግዳ ሙቀት ነው፣ እሱንም በግርድፉ።

ለማሞቂያው የማይስማማ ቴርሞስታት

ቴርሞስታት ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ሙቀቱ ሲደርስ ቀጥ አድርጎ ያጠፋል፣ ሲወርድ ያበራል፤ ለማሞቂያ ምንጣፍ ይበቃል። ሁለተኛው ኤሌክትሪኩን በአጫጭር ምት ይልካል፤ ለሴራሚክ ማሞቂያ (ብርሃን ሳይኖረው ሙቀት ብቻ ለሚሰጠው) እና ለምንጣፍ ይስማማል። ሦስተኛው የአምፖሉን ኃይል ቀስ እያደረገ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሙቀት የሚሰጥ የብርሃን አምፖል ካለ የሚገዛው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ከአምፖል ጋር ያገናኘ ሰው ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና በየጊዜው የሚቃጠል አምፖል ይተርፈዋል፤ እባቡም ሰላም አያገኝም። አልትራቫዮሌት የሚሰጠውን ቱቦ መብራት ጭራሽ ከዚህ ነገር ጋር አያገናኙት፤ የሚያስፈልገው የሰዓት መቆጣጠሪያ ነው። የትኛውም አምፖል ይሁን፣ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ በሽቦ አጥር ይከለል፤ እባብ ሞቃት ነገር ላይ ይጠመጠማልና። ለሌሊት ተብሎ የሚሸጠው ቀይ አምፖልም ይቅር፤ ሌሊት ጨለማ ይሁንለት፣ ሙቀቱን ሴራሚኩ ወይም ምንጣፉ ይስጠው።

ከመግዛትዎ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን የዋት ጣሪያ ያንብቡ። 100 ዋት የሚችል መሣሪያ ላይ 150 ዋት መስቀል እሳት መጋበዝ ነው።

ሳጥኑን ሙሉ በአንድ ሙቀት መሙላት

«32 ይስማማዋል ከተባለ ሁሉም ቦታ 32 ይሁን» የሚል ደግነት አለ። እባብ ሙቀቱን የሚያስተካክለው ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ እየተመላለሰ ነው፤ መሸሻ ከሌለው ቴርሞስታቱ ትክክል ሆኖ እንስሳው ይጎዳል። ምንጣፉ ከወለሉ ሲሶውን ቢሸፍን ይበቃል፤ በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ይኑር፣ አለበለዚያ ፈሪው ቦል ፓይተን ሙቀቱን ትቶ መደበቂያውን ይመርጣል። በአንድ ቴርሞስታት ሁለት ሳጥን ማሞቅም ከዚሁ ስህተት ይመደባል፤ ሴንሰሩ ያለው በአንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው በዕድሉ ይኖራል።

እንዲያበርድ መጠበቅ

ይህ መሣሪያ ማሞቂያን ከማጥፋት በቀር የሚያበርድበት መንገድ የለውም። በበጋ ክፍሉ 36 ዲግሪ ከገባ ሳጥኑም 36 ይሆናል። የአየር ማቀዝቀዣ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ያስፈልጋል። በመስኮት በኩል ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው የመስታወት ሳጥን ደግሞ በክረምትም ቢሆን በአጭር ጊዜ እባቡን ሊገድል ይችላል።

አንድ ጠባቂ ብቻ ማቆም

ቴርሞስታት ይበላሻል። ውስጡ ያለው ማብሪያ በርቶ ተጣብቆ ከቀረ ማሞቂያውን የሚያስቆመው ነገር የለም። ከአንድ እባብ በላይ ያለው ሰው፣ ወይም ቤቱን ጥሎ የሚጓዝ ሰው፣ ሁለተኛ ቀላል የሚያጠፋ የሚያበራ ቴርሞስታት ቢጨምር ዋጋው ብዙ አይደለም። ግድግዳው ሶኬት ላይ ሁለተኛው ይሰካል፣ በእሱ ላይ ዋናው፣ በዋናው ላይ ማሞቂያው። ሁለቱ ሴንሰሮች ጎን ለጎን ሆነው ሁለተኛው ከዋናው በ3 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይሞላል። በደህናው ቀን ሥራ ፈት ነው።

በየቀኑ መነካካት

ሁሉም ነገር እባቡ ከመምጣቱ በፊት ተገጥሞ ጥቂት ቀን ባዶውን ይሥራ፤ ሌሊት ሲበርድ ምን እንደሚያደርግ ይታይ። ቁጥሩን ከቀየሩ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ወለሉም አየሩም ወዲያው አይከተሉም። ብዙ ሰው መነካካት የሚጀምረው እባቡ መብላት ሲያቆም ነው። ጤነኛ ቦል ፓይተን በተለይ በክረምት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ላይበላ ይችላል። የለኩት ሙቀት ትክክል ከሆነና ክብደቱ ካልወረደ ቴርሞስታቱን ይተዉት። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ወይም አፉ ዙሪያ አረፋ ከታየ ግን ሙቀት በመጨመር የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ በዚያው ቀን እባብ ወደሚያክም የእንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፣ የለኩትንም ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።