የመድኃኒት ሪፊል በኢንሹራንስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፋርማሲ ደርሶ «ኢንሹራንሱ አልተቀበለውም» ተብሎ ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ለማግኘት ታማሚ ሰው ሦስት ቦታ ደጅ መጥናቱ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ሥርዓቱ እስኪስተካከል ግን ከሚከተሉት ስህተቶች መጠንቀቅ መጉላላቱን በብዙ ይቀንሰዋል።

የመጀመሪያው፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ መውጣት ነው። ኢንሹራንሱ ሲከለክል ለፋርማሲው ኮምፒውተር ምክንያቱን አብሮ ይልካል። ጊዜው ገና ነው? ሪፊሉ (በአንዱ ማዘዣ መድኃኒቱን ደግሞ የመውሰድ ፈቃዱ) አልቋል? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል? ወይስ መድኃኒቱ ኢንሹራንሱ ከሚሸፍናቸው ዝርዝር ወጥቷል? ሪፊል ካለቀ የሚደወለው ለሐኪሙ ነው። ቅድመ ፈቃድ ከሆነም ጥያቄውን ለኢንሹራንሱ የሚልከው የሐኪሙ ቢሮ ነው። የኢንሹራንስ ካርድዎ ተቀይሮ ከሆነ ግን እዚያው ፋርማሲው ያስተካክለዋል። ይህን ሳያጣሩ ከደወሉ አንዱ ወደ ሌላው እየላከ ሲያንከራትትዎት ይውላል።

ሁለተኛው፣ የመጨረሻዋን ኪኒን እስኪውጡ መጠበቅ። አብዛኛው ኢንሹራንስ ከመድኃኒቱ ሦስት አራተኛው ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ካለቀ በኋላ ቀጣዩን ይፈቅዳል። ስለዚህ የ30 ቀን መድኃኒት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ይጠይቁ። ብልቃጡ ላይ የቀረው ሪፊል 0 ከሆነ ደግሞ ያን ዕለት ለሐኪሙ ይደውሉ። እንደ ኦክሲኮዶን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) እና አደራል (ትኩረት የማጣት ችግር መድኃኒት) ያሉት በፌዴራል ሕግ ጭራሽ ሪፊል የላቸውም፤ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ይፈልጋሉ። መዘግየቱ ከመጉላላትም ያለፈ ነገር አለው፦ ክሎኒዲን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ከቀድሞው ብሶ ሊወጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥም ሕመሙ ሊነሳ ይችላል። አልቆብዎት ከሆነ ፋርማሲስቱን ለጥቂት ቀናት የሚሆን የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒት ይጠይቁ። ብዙ ስቴቶች ይህን ይፈቅዳሉ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ሐኪሙ መጠኑን በቃል ሲቀይር አዲስ ማዘዣ አለማስላክ። ለምሳሌ አንድ የ10 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ጠርሙስ 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 40 ዩኒት ለታዘዘለት ሰው 25 ቀን ይበቃል። ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ 60 አድርገው» ካለው ግን በ17ኛው ቀን ያልቃል። ኢንሹራንሱ የሚያየው የድሮውን ማዘዣ ስለሆነ «ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል» ብሎ ይከለክላል። ሰውየው በትክክል የታዘዘውን እየወሰደ ያለ ጊዜው የጨረሰ ይመስላል። ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ አዲሱ መጠን የተጻፈበት ማዘዣ ወደ ፋርማሲው መላኩን ያረጋግጡ።

ጃንዋሪ ሲገባም አይዘናጉ። ኢንሹራንሶች የሚሸፍኑትን ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚቀይሩት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያላቸው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው የምርጫ ጊዜ መድኃኒቶቻቸውን አንድ በአንድ ከአዲሱ ዝርዝር ጋር ማመሳከር አለባቸው። በሜዲኬር ወደ አዲስ የመድኃኒት ፕላን የገባ ሰው ሲወስደው የነበረው መድኃኒት ባይሸፈንም በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ የአንድ ወር መሸጋገሪያ የማግኘት መብት አለው። ካልጠየቁ ግን ላይነገርዎት ይችላል።

ያለ ኢንሹራንስ ዋጋውን አለመጠየቅም ያስከፍላል። አንዳንዴ ከኮፔይዎ (በኢንሹራንስ ሲገዙ ከኪስዎ ከሚከፍሉት ድርሻ) ያንሳል፤ ፋርማሲስቱ ይህን እንዳይነግርዎ የሚያግዱ ውሎችም በ2018 በሕግ ተከልክለዋል። በዚህ መልክ የከፈሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከኪስዎ እንዲከፍሉ ከተወሰነው ጣሪያ ላይ አይታሰብልዎትም።

የመጨረሻውና የሚጎዳው፣ «አይሆንም» ሲባሉ ተስፋ መቁረጥ ነው። በሜዲኬር የመድኃኒት ፕላን የሽፋን ጥያቄ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት፤ ሐኪሙ መዘግየቱ ጤናዎን እንደሚጎዳ ከገለጸ ደግሞ በ24 ሰዓት። ከዝርዝሩ ውጭ ለሆነ መድኃኒት ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው የሐኪሙ ማስረጃ ሲደርስ ነውና ቢሮው መላኩን ደውለው ይከታተሉ። ሐኪሙም «ያስፈልገዋል» ብቻ ብሎ እንዳይጽፍ፤ በዝርዝሩ ያሉት ሌሎች መድኃኒቶች ተሞክረው ምን እንዳደረሱ ያስረዳ። ያም ውድቅ ቢሆን ይግባኝ የሚባልበት መንገድና የጊዜ ገደቡ በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ ደብዳቤውን አይጣሉት።